የተከለከለው ከበሮ፦ ጃዝ፣ ካሊፕሶ እና የትሪኒዳድ የቅኝ ግዛት ታሪክ



ንግግሬን በአንድ ሕግ እጀምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1884 በብሪታንያ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው በትሪኒዳድ ደሴት የሰላም ማስጠበቂያ ድንጋጌ ወጣ። ድንጋጌው በካርኒቫል በዓል ሰሞን ከበሮ መምታትን፣ ችቦ ለኩሶ መሄድን፣ ዱላ የያዙ አሥርና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድነት መሰባሰባቸውን እንዲከለክል ለገዥው ሥልጣን ሰጠ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ጠመንጃ፣ ፖሊስና የጦር መርከብ ያለው መንግሥት ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራን መሣሪያ ለምን ይፈራል? ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ሕጉ ከወጣ ከ135 ዓመታት በኋላ፣ በ2019፣ የትሪኒዳድ ተወላጅ የሆነው የጥሩምባ ተጫዋች ኤቲየን ቻርልስ «ካርኒቫል፦ የአንድ ሕዝብ ድምፅ» የሚል ትርጉም ያለው የጃዝ አልበም አወጣ። አልበሙ በአብዛኛው የመሣሪያ ሙዚቃ ነው፤ ታሪክን በቃላት አይተርክም። ሆኖም የደሴቲቱን ታሪክ የሚያውቅ አድማጭ ያንን ክልከላ በምቱ ውስጥ ይሰማዋል። የዛሬው ንግግሬ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት ነው። ቃል የሌለው ሙዚቃ ስለ ቅኝ ግዛት ምን ሊነግረን ይችላል? ጃዝስ በነባሩ የደሴት ምት ላይ ምን ይጨምራል? ሲነግረንስ ምን ያህል ልናምነው ይገባል?

ደሴቲቱና ሰዎቿ

ትሪኒዳድ ከደቡብ አሜሪካ ጠረፍ አጠገብ፣ ከቬኔዝዌላ ፊት ለፊት የምትገኝ ደሴት ናት። ኮሎምበስ በ1498 ሲደርስባት ነባር ሕዝቦች ይኖሩባት ነበር። ስፔናውያን በ1592 ሳን ሆሴ ደ ኦሩኛ የተባለችውን ከተማ ቆርቁረው ዋና መቀመጫቸው አደረጓት፤ ይሁን እንጂ ለረጅም ዘመን በደሴቲቱ የሰፈሩት ጥቂቶች ነበሩ። በ1783 የስፔን ንጉሥ ባወጣው አዋጅ የካቶሊክ እምነት ተከታይ የሆኑ የውጭ ሰፋሪዎች በደሴቲቱ መሬት እንዲያገኙ ፈቀደ። አዋጁ አንድ ሰፋሪ ይዞት ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ባሪያ ተጨማሪ መሬት ይሰጥ ነበርና፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ባለርስቶች ከአጎራባች ደሴቶች በባርነት የያዟቸውን አፍሪካውያን እያስከተሉ ጎረፉ። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በየካቲት 1797፣ ብሪታንያ ደሴቲቱን ያዘች።

እንግዲህ ሥዕሉን አስቡት። ሕጉ የስፔን፣ ባለርስቱ ፈረንሳዊ፣ ገዥው እንግሊዛዊ፣ ሠራተኛው አፍሪካዊ ነው። የባርነት ሥርዓት ከነሐሴ 1834 ጀምሮ በሕግ ቢቀርም፣ «የልምምድ ጊዜ» በተባለ ሌላ ግዴታ እስከ 1838 ተራዘመ። በዚያን ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ሃያ ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ መደበ፤ ገንዘቡ የተከፈለው ግን ለባሪያ አሳዳሪዎቹ ነበር እንጂ ነፃ ለወጡት ሰዎች አልነበረም። ነፃ የወጡት ሰዎች ከሸንኮራ አገዳው እርሻ ሲርቁ፣ ባለርስቶቹ ፊታቸውን ወደ ሕንድ አዞሩ። ከግንቦት 1845 እስከ 1917 ከ140,000 በላይ ሕንዳውያን በውል የታሰሩ የእርሻ ሠራተኞች ሆነው መጡ። የትሪኒዳድ ሙዚቃ የተወለደው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። «ቅልቅል» የሚለው ቃል ለጆሮ ቢጣፍጥም፣ ቀላቃዩ እጅ የማን እንደነበር መዘንጋት የለብንም።

ካምቡሌ፦ የተቃጠለው አገዳ

በባርነት ዘመን የአገዳ እርሻ በእሳት ሲያያዝ፣ የአካባቢው ባሪያዎች በቀንደ መለከትና በጅራፍ ድምፅ ተጠርተው፣ ችቦ ይዘው እየተነዱ ይሄዱ ነበር። ይህ ሁኔታ በፈረንሳይኛ «የተቃጠለ አገዳ» ከሚለው ሐረግ ወጥቶ በሕዝቡ አንደበት «ካምቡሌ» ተባለ። ከነፃነት በኋላ ያው ሕዝብ ያንን የግዴታ ጉዞ በራሱ ፈቃድ ደገመው። ችቦ ለኮሰ፣ ከበሮ መታ፣ ዱላውን ይዞ በከተማው ጎዳና ተመመ። መጀመሪያ የነፃነት መታሰቢያ የነበረው ይህ ሥርዓት ውሎ አድሮ ከካርኒቫል ሰኞ ሌሊት ጋር ተዋሐደ።

የካምቡሌ ልብ «ካሊንዳ» የሚባለው የዱላ ግጥሚያ ነው። ሁለት ተፋላሚዎች በክብ ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከበሮው ያሟሙቃቸዋል፤ «ቻንትዌል» የተባለው መሪ ድምፃዊ አጭር ስንኝ ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበላል። ይህ አወጣጥና አቀባበል ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ፉከራና ሽለላ የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል። የቻንትዌሉ ሥራ የራሱን ወገን ማወደስ፣ ባላጋራውን መንቀፍ፣ በዚያውም የሰፈሩን ወሬና የሹማምንቱን ነውር መንገር ነበር። ከእርሱ ነው በኋላ የካሊፕሶ ዘፋኝ የተወለደው።

በ1881 በካፒቴን ቤከር የሚመራው የፖርት ኦፍ ስፔን ፖሊስ ካምቡሌን በኃይል ለማስቆም ሞከረ። ዱላ የያዙት ሰዎች ግን አልበተኑም፤ ተጋጠሙት። ከለንደን ሃሚልተን የተባለ ባለሥልጣን ተልኮ ጉዳዩን መርምሮ ሪፖርት አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ ንግግሬን የጀመርኩበት ድንጋጌ ወጣ። በዚያው በ1884፣ በጥቅምት ወር፣ ሕንዳውያን ሠራተኞች የሆሴይን በዓል ሲያከብሩ ፖሊስ በሳን ፈርናንዶ ከተማ መግቢያ ላይ ተኩሶ ብዙ ሰዎችን ገደለ። በዚያ ሰልፍም ላይ ከበሮ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን መልስ ያገኛል። ቅኝ ገዥው የፈራው ቆዳውን አልነበረም። ከበሮ ሰዎችን ያለ ደብዳቤና ያለ ፈቃድ ይጠራል፤ በአንድ እርምጃ ያስኬዳቸዋል፤ ብዛታቸውንም ለራሳቸው ያሰማቸዋል። የፈራው ይህን ነው።

ከቆዳ ወደ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃ ወደ ብረት

ከበሮው ሲከለከል ምቱ አልሞተም፤ አካል ለወጠ። ሕዝቡ ቀርከሃ እየቆረጠ «ታምቡ ባምቡ» የሚባል ስብስብ ፈጠረ። «ታምቡ» ከፈረንሳይኛው የከበሮ ስም የመጣ ነው፤ ስለዚህ ስያሜው ራሱ «የቀርከሃ ከበሮ» እንደ ማለት ነው። ረጅሙና ወፍራሙ ቀርከሃ መሬት ላይ እየተወቀጠ የወፍራሙን ከበሮ ቦታ ያዘ። መካከለኞቹ እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። ቀጭኑ በትከሻ ላይ ተደርጎ በበትር እየተመታ በሌሎቹ ምት መካከል ይቆርጣል። የከበሮው ድርሻ አንድም ሳይጎድል ወደ ቀርከሃ ተዛወረ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ወጣቶች የብስኩት ቆርቆሮ፣ የቆሻሻ መጣያ ክዳንና ከመኪና የተፈታ የፍሬን ብረት መምታት ጀመሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በደሴቲቱ ላይ የጦር ሰፈሮች ሠራች፤ ደሴቲቱም ነዳጅ አምራች ነበረች፤ ባዶ በርሜል በየቦታው ይገኝ ነበር። የበርሜሉ ፊት በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ ወሰን ይሰመርበታል፤ በእሳት ተግሎ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ በጥንቃቄ እየተመታ ይቃኛል። እንዲህ ያለው በርሜል ዜማ ይጫወታል። ይህ ስቲልፓን ነው። ዊንስተን ሳይመንና ኤሊ ማኔት በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣ ፈር ቀዳጆች መካከል ናቸው። መጀመሪያ ላይ የፓን ተጫዋች እንደ ዱርዬ ይታይ ነበር። በ1951 ግን የትሪኒዳድ የፓን ቡድን ለብሪታንያ ፌስቲቫል ለንደን ተላከ፤ በ1992 መሣሪያው የአገሪቱ ብሔራዊ መሣሪያ ተባለ።

የኤቲየን ቻርልስ አልበም «ብላክ ኤኮ» በተባለው ባለ አራት ክፍል ድርሰቱ ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ከከበሮው ተነሥቶ በቀርከሃና በብረት አልፎ ስቲልፓን ላይ ይደርሳል። አድማጩ የሚሰማው የመሣሪያ ለውጥ ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን እያንዳንዱ ሽግግር አንድ ክልከላ ወይም አንድ የኢኮኖሚ ለውጥ ነው። ከቆዳ ወደ ቀርከሃ ያሸጋገረው ሕግ ነው፤ ከቀርከሃ ወደ በርሜል ያሸጋገረው ነዳጅና ጦርነት ነው። የድምፁ ቀለም በተለወጠ ቁጥር የደሴቲቱ ገዥ፣ ንግድና ሕግ ምን እንደነበረ ይነግረናል።

ጃዝ ምን ይጨምራል?

እዚህ ላይ አንድ ፍትሐዊ ጥያቄ ይነሣል። ታሪኩ በካሊንዳና በታምቡ ባምቡ ውስጥ ካለ፣ ጃዝ ለምን አስፈለገ? የውጭ ልብስ ማልበስ አይሆንም ወይ?

መልሱን ለመረዳት አብረን እንቁጠር። በእኩል ፍጥነት ከአንድ እስከ ስምንት ቁጠሩና በአንድ፣ በአራትና በሰባት ላይ ብቻ አጨብጭቡ። ደግማችሁ ሳታቋርጡ ሞክሩት። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ሆኖ የሚከፈለው ይህ ምት በካሪቢያን ደሴቶች ሙዚቃ ውስጥ በሰፊው ይገኛል፤ ጃዝ በተወለደባት በኒው ኦርሊንስ የቆየ ሙዚቃ ውስጥም ይገኛል። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ኒው ኦርሊንስም ቀድሞ የፈረንሳይና የስፔን ቅኝ ግዛት ነበረች፤ እርሷም ካርኒቫል አላት፤ እርሷም አፍሪካውያን በባርነት ተወስደው ከበሮ የመቱባት ከተማ ናት። ጃዝና ካሊፕሶ ባዕዳን አይደሉም፤ በአንድ የአትላንቲክ ዓለም ውስጥ ያደጉ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ሲገናኙ የምንሰማው የተለያየ ቤተ ዘመድ መተዋወቅን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አወቃቀር ነው። በካሊንዳ ወፍራሞቹ ከበሮዎች መሬቱን ይይዛሉ፤ ቀጭኑ ከበሮ በነፃነት እየቆረጠ ከተፋላሚው ጋር ይነጋገራል፤ ቻንትዌሉ በቦታው ስንኝ ይፈጥራል። በጃዝም ባስና ድራም መሬቱን ሲይዙ፣ አንዱ ተጫዋች በቦታው ዜማ ይፈጥራል። ስለዚህ የቻርልስ ጥሩምባ የቻንትዌሉን ወንበር ሲወርስ ወንበሩ ይገጥመዋል። አጭር ሐረግ ያወጣል፤ ሳክስፎኑና ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ዱላው የሚወዛወዝበት ክብ በመድረኩ ላይ ዳግም ይሠራል።

ሦስተኛው ምክንያት ለእኔ ዋናው ነው። የባህል ትርኢት ታሪክን በአንድ ቅርጽ አስሮ ያቆየዋል፤ ጃዝ ግን አስተያየት እንዲሰጥበት ይፈቅዳል። ለምሳሌ «ጃብ ሞላሲ»ን እንውሰድ። ይህ በካርኒቫል ላይ ገላውን በአገዳ ሞላሰስ ወይም በጥቁር ቀለም ለቅልቆ የሚወጣ የሰይጣን ምስል ነው፤ ከቆርቆሮ ምት ጋር እየዘለለ ተመልካቹን ያስፈራራል። ሞላሰስ የስኳር ተረፈ ምርት ነው፤ ሰውየው የለበሰው የአያቶቹን ሥራ ነው። ቻርልስ እንዲህ ያሉትን ባህላዊ ትርኢቶች በአገሩ ተዘዋውሮ ከባለቤቶቹ ዘንድ በድምፅ ቀርጿል፤ ለዚህም በ2015 ያገኘው የጉገንሃይም የጥናት ድጋፍ ረድቶታል። በድርሰቱ ውስጥ የቆርቆሮው ምት እንዳለ ይቆያል፤ በላዩ ላይ ግን የሚሻክሩና የሚጋጩ የጃዝ ኅብረ ድምፆች ይመጣሉ። ምቱ ጭፈራውን ይናገራል፤ ኅብረ ድምፁ ጭፈራው ከየት እንደመጣ ይናገራል። አንድ ድምፃዊ በአንድ ጊዜ ሊላቸው የማይችላቸው ሁለት ነገሮች በአንድነት ይባላሉ። ሰምና ወርቅን ለሚያውቅ አድማጭ ይህ ሩቅ አይደለም፤ እዚህ ሰሙ ደስታ፣ ወርቁ ስኳርና ሰንሰለት ነው።

ቻርልስ በ2016 ባወጣው «ሳን ሆሴ ስዊት» የተባለ ሥራውም ተመሳሳይ ዘዴ ተጠቅሟል። ሥራው በአንድ ቅዱስ ስም የተጠሩ ሦስት ቦታዎችን ያገናኛል፤ እነርሱም በኮስታ ሪካ፣ በካሊፎርኒያ እና በትሪኒዳድ ይገኛሉ። የትሪኒዳዷ ቀደም ብዬ ያነሣኋት የስፔናውያን ዋና ከተማ ናት። አንድ ስም በሦስት አገር መገኘቱ ራሱ የግዛት ካርታ ነው፤ ሙዚቃው በዚያ ስም ሥር የተሸፈኑትን ነባርና አፍሪካ ወለድ ሕዝቦች ይፈልጋል።

ካሊፕሶና የእኛ ስም

ይህ ታሪክ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት እውነተኛ ቦታ አለ። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር፣ ትሪኒዳድ ገና የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ነበረች። ሆኖም በፖርት ኦፍ ስፔን የወደብ ሠራተኞች የኢጣሊያን መርከብ ጭነት አናወርድም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ግራውሊንግ ታይገር በሚል ስም የሚታወቀው የካሊፕሶ ዘፋኝ «በአፍሪካ ያለው ወርቅ» የሚል ትርጉም ያለው ካሊፕሶ በሸክላ አስቀርጾ የሙሶሊኒን ወረራ በስላቅ ነቀፈ። በለንደንም ትሪኒዳዳዊው ጸሐፊ ሲ. ኤል. አር. ጄምስ ለኢትዮጵያ የሚሟገት የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር ሲመራ፣ የአገሩ ልጅ ጆርጅ ፓድሞርም ከእርሱ ጋር ተሰልፏል።

የቅኝ ተገዥ ዘፋኝ ስለ ራሱ ገዥ በግልጽ ቢዘፍን ሳንሱር ይጠብቀው ነበር። ስለ ሌላ ወራሪ ግን መዝፈን ይችል ነበር። አድማጩ ወርቁን ራሱ ያወጣዋል። የኢትዮጵያ ስም በዚያ ዘፈን ውስጥ የአንድ ሩቅ አገር ዜና ብቻ አልነበረም፤ ደሴቲቱ ስለ ራሷ የምትናገርበት አንደበትም ነበር። ትሪኒዳድ በነሐሴ 1962 ነፃነቷን አገኘች፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1966፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደሴቲቱን ሲጎበኙ የተቀበሉት ጠቅላይ ሚኒስትር ኤሪክ ዊልያምስ ስለ ካፒታሊዝምና ባርነት የጻፉ የታሪክ ምሁር ነበሩ።

ሦስት ጥንቃቄዎች

ሙዚቃ የታሪክ ምንጭ ነው ስል፣ በጭፍን ይታመን ማለቴ አይደለም። ሦስት ጥንቃቄዎችን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ ሙዚቃ ሰነድን አይተካም። ድንጋጌው የወጣበትን ዓመት፣ ካሳው ለማን እንደተከፈለ የሚነግረን መዝገብ ነው። ይሁን እንጂ የ1881 መዝገብ የተጻፈው በፖሊስና በሹማምንት ብዕር ነው። የዱላው ባለቤት ሪፖርት አልጻፈም፤ ዘፈነ። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆም ያስፈልጋል። መዝገቡ የተከለከለውን ይነግረናል፤ ምቱ ክልከላው እንዳልተሳካ ይነግረናል።

ሁለተኛ፣ «ውሕደት» የሚለው ቃል ግፍን እንዳይሸፍን እንጠንቀቅ። በምቹ ወንበር ተቀምጠን የጃብ ሞላሲን ምት ስናዳምጥ፣ ያ ምት መጀመሪያ የተሰማው ሊያስደስተን ሳይሆን ሊያስደነግጥ እንደነበር ልንረሳ እንችላለን። ስለ ሕንዳውያን ሠራተኞችም እንዲሁ ነው፤ የደሴቲቱ ታሪክ በአፍሪካዊው ከበሮ ብቻ ከተነገረ፣ በ1884 የወደቁት የሆሴይ ሰልፈኞች ሁለተኛ ጊዜ ይወድቃሉ።

ሦስተኛ፣ የማን ስም ተጻፈ፣ ማንስ ተከፈለ ብለን እንጠይቅ። በጦርነቱ ዘመን ሎርድ ኢንቬደር የተባለው ዘፋኝ በትሪኒዳድ ስለነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች «ራም ኤንድ ኮካ ኮላ» የሚል ካሊፕሶ ዘፈነ። በ1945 አንድሩስ ሲስተርስ የተባሉት አሜሪካውያን ድምፃውያን ዘፈኑን በአገራቸው ታላቅ ዝና ሲያስገኙለት፣ በደራሲነት የተጻፈው የሌላ ሰው ስም ነበር። ስለ ግጥሙም፣ ላየነል ቤላስኮ ስለደረሰው ዜማም ጉዳዩ ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ፍርዱም ለካሪቢያኑ ወገን ሆነ። ቅኝ ግዛት በአዋጅ ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ በሸክላ ሽፋን ላይ በሚጻፍ ስምም ይሠራል። ዛሬ አንድ የጃዝ ሙዚቀኛ ወደ መንደር ሄዶ የቀርከሃ ተጫዋቾችን ሲቀርጽ፣ ስማቸውንና ድርሻቸውን ማስፈሩ ትሕትና ብቻ ሳይሆን የሥራው የታሪክ ክፍል ነው።

ለተማሪዎች የምተወው

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ነገ ወደ ገጠር ሄዳችሁ የዜማ ጥናት የምታካሂዱ አላችሁ። ከትሪኒዳድ የምትወስዱት ትምህርት ይህ ይሁን። አንድን ምት ስትቀርጹ ስንት ቤት እንደሆነ ብቻ አትጠይቁ። መሣሪያው ለምን ከዚህ ዕቃ ተሠራ? ቀድሞ ከምን ይሠራ ነበር? መቼ ተለወጠ? ማን ከልክሎት ያውቃል? ማንስ ደብቆ አቆየው? ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንዳንድ ጊዜ የደን መመናመን ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ የገበያ ለውጥ፤ አንዳንድ ጊዜም ሕግ።

በመጀመሪያ አብረን ስምንት ቆጥረን ሦስት ጊዜ አጨብጭበናል። መዳፍን የሚከለክል ድንጋጌ ማንም ሊያወጣ አልቻለም። የ1884ቱ ሕግ ዛሬ በመዝገብ ቤት ይገኛል፤ ያን ጊዜ እንዲጠፋ የተፈለገው ምት ግን በየካርኒቫሉ ሌሊት በጎዳና ይሰማል፤ በጃዝ መድረክም ተመርምሮና ተተርጉሞ ይሰማል። የታሪክ ተማሪ ሁለቱንም ሊያነብ ይገባዋል፤ አንዱን በዓይኑ፣ ሌላውን በጆሮው።